የባሕር ጥያቄ፦ ዴክ ላይ የወጣው ውሃ በየት ይውረድ?

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ሳይመካከሩ አንድ ነገር ላይ ገጥመዋል፤ ዴክ ላይ፣ ማለትም የመርከቡ የላይ ወለል ላይ፣ ስለሚወጣ ማዕበል። አልገረመኝም። በ2023 መጨረሻ ብዙ መርከቦች ቀይ ባሕርን ሸሽተው በደቡብ አፍሪካ ጫፍ መዞር ከጀመሩ ወዲህ የእኛም ዕቃ፣ የእኛም ልጆች በክፉ ባሕር ያልፋሉ። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጆቹ ነው፤ የባሕር መዝገብ የሚያዘው በዚያ ነው።) ለአዲስ አንባቢዎች፦ አሰብ ላይ በተራ መርከበኝነት ጀምሬ በቺፍ ኦፊሰርነት (የካፒቴኑ ምክትል ሆኜ) ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ዴክና ጭነት ሥራዬ ነበር። ስለ ሞተር ስትጠይቁኝ ግን ጎረቤቴን ጠይቄ ነው የምመልስላችሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባሕር ዳር የማሪን ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ። በመርከብ ጎንና ጎን ያለው የብረት አጥር ለምን ሁለት ሦስት ሜትር ተደርጎ አይሠራም? ማዕበሉን ያስቀር ነበር። ይባስ ብለው ያችኑ አጭር አጥር ከሥሯ ቀዳደዋታል። የመርከቡ አፍንጫ ላይ፣ ከፊት የሚቆመው የቪ ቅርጽ ግድግዳስ እውነት ጭነት ያድናል?

መልስ፦ ልጄ፣ አጥሩ የቆመው ሰው ባሕር ውስጥ እንዳይወድቅ ነው። የ1966ቱ ዓለም አቀፍ የጭነት መስመር ስምምነት ቁመቱ ከ1 ሜትር አይነስ ሲል መርከበኛውን አስቦ ነው። ማዕበል የፈለገ ቀን ሦስት ሜትሩንም ይዘለዋል። ጣጣው የሚመጣው ያኔ ነው፤ የገባው ውሃ መውጫ ያጣል።

ሒሳቡን ሥራው። በአጥር የተከበበ 30 ሜትር በ10 ሜትር ዴክ ላይ ግማሽ ሜትር ውሃ ቢቆም 150 ሜትር ኩብ ይሆናል። አንድ ሜትር ኩብ የባሕር ውሃ 1.025 ቶን ገደማ ይመዝናል፤ ስለዚህ ከ150 ቶን በላይ ያልጠራኸው ጭነት ተጫነብህ። ያ ክብደት ታች ሆልድ (የጭነት ጎተራው) ውስጥ ታስሮ ቢቀመጥ መርከቡን አያስጨንቀውም ነበር። ይኼኛው ከላይ ነው፣ አይረጋምም። ሰፊ ትሪ ላይ ውሃ ሞልቶ ደረጃ ለመውጣት የሞከረ ሰው ያውቀዋል፤ ትሪው ትንሽ ዘንበል ሲል ውሃው ሁሉ ወደዚያው ይሮጥና የባሰውን ያዘነብለዋል። መርከብም ያጋደለበት ሳይቃና ሁለተኛው ማዕበል ይደርስበታል።

ቀዳዳዎቹ ለዚህ ናቸው። ስምምነቱ የአጥሩን ቁመት በአጭሩ ተናግሮ ያልፍና ስለ ውሃ መውጫው ግን ዝርዝር ሒሳብ ይሰጣል። የታችኛው ጠርዛቸው የተቻለውን ያህል ወደ ዴኩ ይጠጋ፤ ከጠቅላላ ስፋታቸው ሁለት ሦስተኛው ዴኩ ዝቅ በሚልበት በኩል ይሁን፤ በ230 ሚሊ ሜትር ገደማ ርቀት ብረት ይደረግባቸው፤ መዝጊያ ካላቸው የማጠፊያው ዘንግ የማይዝግ ይሁን ይላል። ወረቀቱ ላይ ሁሉም አለ። መርከብ ላይ ስትወጣ ግን የምታየው የተከመረ እንጨት፣ የተጠቀለለ ገመድ፣ ያረጀ ሸራ ቀዳዳውን ተደግፎ ተቀምጦ ነው። መዝጊያው ላይ ደግሞ ቀለም ተደራርቦበት ከአጥሩ ጋር አንድ ሆኗል። በእግርህ ገፋ ስታደርገው ካልተወዛወዘ ውሃም አይከፍተውም። ልምምድ የወጣህ ቀን ይህችን ሥራ ማንም ሳያዝህ ያዛት።

የቪው ግድግዳ ጥሩ ነገር ነው። በአፍንጫው ተሻግሮ በዴኩ ላይ የሚጋልበውን ውሃ ለሁለት ከፍሎ ወደ ጎንና ጎን ያወርደዋል፤ ፊት ያለውን የኮንቴይነር ረድፍ ከመጀመሪያው ምት ያድናል። ከላይ ተንዶ የሚወድቀውን ውሃ ግን አያቆምም። ለዚያ መድኃኒቱ ፍጥነት መቀነስና አፍንጫውን ከማዕበሉ ትንሽ ሰያፍ አድርጎ መያዝ ነው። እኔን ከጠየቅከኝ፣ ከዚያ ግድግዳ ይልቅ ብሪጅ (መርከቡ የሚመራበት ክፍል) ላይ ያለችው የፍጥነት እጀታ ብዙ ጭነት አድናለች።

አሁን ያልጠየቅከኝን ልጨምርልህ። ደርቢሻየር የምትባል 290 ሜትር ገደማ ርዝመት ያላት የእንግሊዝ መርከብ ነበረች፤ በ1976 የተሠራች፣ ገና አዲስ የምትባል። በሴፕቴምበር 1980 ከካናዳ የብረት ማዕድን ጭና ወደ ጃፓን ስትሄድ ኦርኪድ የተባለ ታይፉን (ብርቱ የባሕር አውሎ ነፋስ) ውስጥ 44 ሰው ይዛ ጠፋች። የድረሱልኝ ጥሪ እንኳ አልተሰማም። የሟቾቹ ቤተሰቦች ለዓመታት ተሟገቱ፤ በ1994 ፍርስራሿ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ተገኘ። በ1998 የወጣ አንድ ሪፖርት ጥፋቱን ወደ መርከበኞቹ አዞረው፤ አፍንጫው ላይ ያለችውን የዕቃ ክፍል መግቢያ ክዳን ሳያጠብቁ ትተዋታል ተባለ። የሞተ ሰው አይከራከርም። በ2000 ያለቀው ምርመራ ግን ይህን ውድቅ አድርጎ ነጻ አወጣቸው።

ምርመራው የደረሰበት ድምዳሜ ይህ ነው። ማዕበሉ በመጀመሪያ ትልቁን ብረት አልሰበረም። አፍንጫው ላይ የቆሙትን የአየር ቱቦዎች ነቀለ። በእነዚያ ቀዳዳዎች ውሃ ለሰዓታት እየገባ የፊት ክፍሎቹን ሞላ። ብሪጁ ያለው ከኋላ ነው፤ በሌሊትና በዚያ ማዕበል አፍንጫው መስመጡን ከዚያ ሆኖ የሚያይ የለም። አፍንጫው ዝቅ ባለ ቁጥር የሚወጣው ውሃ ከበደ፤ በመጨረሻ የአንደኛው ሆልድ ክዳን ተደረመሰ፤ የቀሩት ተከተሉት። ክዳኖቹ የተሠሩት በ1966ቱ ስምምነት ልክ ነው፤ ያ ልክ በካሬ ሜትር 1.75 ቶን ነበር። ተረጋግቶ የቆመ 1.7 ሜትር ያህል ውሃ ማለት ነው። አፍንጫው ባሕር ውስጥ እየገባ የሚወጣ መርከብ ላይ የሚያርፈው ከዚህ ብዙ እጥፍ ነው።

ከዚያ ወዲህ የፊት ክዳኖች ጥንካሬ ደረጃ ከፍ ተደርጓል። ለአንተ ሙያ የሚቀርበው ደግሞ በ2004 ሥራ ላይ የዋለው ደንብ ነው፤ ባልክ መርከብ (እህልና ማዕድን ሳይታሸግ የሚጭነው) ሆልዱ ውስጥ ውሃ ግማሽ ሜትር ሲደርስ የሚጮህ፣ ከፍ ሲል ደግሞ ዳግመኛ የሚጮህ ማስጠንቀቂያ እንዲኖረው ያስገድዳል። የፊት ክፍሎቹም ማስጠንቀቂያ አላቸው። ሲጮህብህ ሴንሰሩ ተበላሽቷል ብለህ ድምፁን አጥፍተህ አትተኛ። ከማዕበል በፊትም ቦሰኑን (የዴክ ሠራተኞቹን አለቃ) ተከትለህ ወደ አፍንጫው ውጣ፤ የአየር ቱቦ ክዳኖቹ እስከ መጨረሻው መጠምዘዛቸውን፣ የመለኪያ ቱቦዎቹ ቆብ መኖሩን፣ የመልሕቁ ሰንሰለት የሚወርድበት ቀዳዳ መደፈኑን እይ። በእኛ ጊዜ ያን ቀዳዳ ጆንያ ጎስጉሰን በሲሚንቶ እንለስነው ነበር። ዛሬም በሲሚንቶ የሚለስኑ አሉ፤ አይናቁ።

ጥያቄ፦ ባልክ መርከብ ላይ ኤ ቢ (ልምድ ያለው የዴክ መርከበኛ) ሆኜ እሠራለሁ፤ የምጽፍልህ ከዶሃ ነው። የሆልድ ክዳኖቻችን ላስቲክ አርጅቷል። ስንዴ ከመጫናችን በፊት መጋጠሚያውን ሁሉ ቴፕ ለጥፉበት ተብለናል። ይበቃል?

መልስ፦ ወንድም ዓለም፣ አይበቃም። ቴፕ ከላስቲክ በላይ የሚጨመር እንጂ የላስቲክ ምትክ አይደለም። ማዕበል ጥቂት ጊዜ ከተራመደበት ይላጣል፤ እስኪላጥ ድረስ ደግሞ ሥሩ ውሃ አቁሮ ብረቱን ያዝገዋል።

ጠመኔ ፈልግ። ላስቲኩ የሚያርፍበትን የብረት ጠርዝ ዙሪያውን ጠመኔ ቀቡት፤ ክዳኑን ዘግታችሁ ማሰሪያዎቹን አጥብቁ፤ ከዚያ መልሳችሁ ክፈቱት። ላስቲኩ ላይ ነጩ መስመር ሳይቋረጥ ከዞረ ሁለቱ ተገናኝተዋል። የተቋረጠበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጉ፤ ባሕሩ የሚገባው በዚያ ነው። የደበዘዘበትንም አትመኑት። አሰብ የተቀበለኝ ቦሰን ጠመኔ ከኪሱ አይለይም ነበር፤ ሌላው ሰው ሻይ ሲጠጣ እሱ በጉልበቱ ተንበርክኮ ማዕዘኖቹን ይቀባል፤ በብዛት የሚያፈሰው ማዕዘኑ ነዋ። ግን ጠመኔ መነካካቱን እንጂ ምን ያህል እንደተጫነ አይነግርህም፤ ስለዚህ በውሃ ጎማ እየረጩ መፈተን አለ፤ ከዚያ የተሻለው ደግሞ በአልትራሳውንድ መፈተን ነው።

ላስቲኩ ብቻውን ጥፋተኛ ላይሆን ይችላል። የክዳኑን ክብደት መሸከም ያለባቸው ብረት በብረት ላይ የሚያርፉት ማረፊያዎች ናቸው። እነሱ ከተበሉ ክዳኑ ዝቅ ይልና ላስቲኩን ይጨፈልቀዋል፤ አዲስ ብትቀይሩለትም ብዙ ሳይቆይ ያንኑ ይሆናል። ቁራጭ እየቀጠሉ መጠገንም አልወድም፤ ሙሉ ርዝመቱን ነው መቀየር። ማሰሪያዎቹን ደግሞ እስኪንቋቋ አታጥብቋቸው፤ መርከብ ማዕበል ላይ ይጣመማል፤ ክዳኑም አብሮት ትንሽ መላወስ አለበት።

ሌላ ብዙ ሰው የሚረሳው አለ። ከላስቲኩ ያመለጠች ጥቂት ውሃ በክዳኑ ጠርዝ ባለው ቦይ ተሰብስባ በማፍሰሻ ቱቦው ወደ ዴክ ትወርዳለች። ቱቦው ውስጥ ያለች ኳስ የዴኩ ውሃ ተመልሶ ወደ ላይ እንዳይወጣ ትዘጋለች። ካለፈው ጭነት የተረፈ ፍሬና አቧራ ኳሷን ካጣበቃት በማፍሰሻው ራሱ ባሕር ወደ ስንዴው ይገባል። ፈታ አድርጋችሁ እጠቧት። ያያችሁትን ሁሉ ለቺፍ ኦፊሰሩ በጽሑፍ ስጡ፤ ቅጂውን ያዙ።

ጥያቄ፦ መርካቶ የጽሕፈት ወረቀት አስመጣለሁ። አንድ ኮንቴይነር ስከፍት ታችኛው ረድፍ ካርቶን ረጥቦ የደረቀ፣ ቢጫ መስመር የሰራበት ሆኖ አገኘሁት። የመርከቡ ወኪል “የኮንቴይነር ላብ ነው፤ አይመለከተንም” ይለኛል። በምን ላረጋግጥ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ላብ ከላይ ነው የሚጀምረው። ጣሪያው ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ጠል ሆኖ ይንጠባጠባል፤ የላይኛው ረድፍ ላይ ነጠብጣብ ትቶ ይወርዳል። የላይኛው ካርቶን ደርቆ ታችኛው ብቻ ከረጠበ፣ በተለይ ወደ በሩ በኩል ከባሰ፣ ውሃው ከውጭ መግባቱን ጠርጥር። የባሕር ይሁን የዝናብ ለመለየት ሰርቬየሮች (የጭነት ጉዳት መርማሪዎች) ሲልቨር ናይትሬት የሚባል ፈሳሽ ይይዛሉ። የረጠበው ቦታ ላይ ጠብ ሲያደርጉት ጨው ካለ ወዲያው እንደ ወተት ይነጣል። ብልህ ሰርቬየር ከዚያው ኮንቴይነር ደረቅ ካርቶንም ይፈትናል፤ ሁለቱም ከነጡ ጨዉ ቀድሞም በወረቀቱ ላይ ነበር ማለት ነውና ማስረጃህ ይላላል። እንዲያደርግልህ ጠይቀው።

ሰዓት ግን አለብህ። በአብዛኛው ቢል ኦፍ ሌዲንግ (የመርከብ ጭነት ሰነድ) ጀርባ ላይ የሚገኙት የሄግ ደንቦች በዓይን የማይታይ ጉዳት ዕቃውን በተረከብክ በ3 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲነገር ይፈልጋሉ፤ የሚታይ ከሆነ እዚያው ስትረከብ። ክስ ደግሞ በ1 ዓመት ይዘጋል። ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ በሩ የተጣመመ ወይም የበሩ ጎማ የተቀደደ ኮንቴይነር ካየህ “በጥሩ ሁኔታ ተረከብኩ” ብለህ አትፈርም፤ ጉዳቱን እዚያው ወረቀት ላይ አስጽፍ። የተቆረጠውን የበሩን ማሸጊያ (‘ሲል’ የሚሉትን) አትጣለው፤ ፎቶ አንሳ።

አሁን የመድን ፖሊሲህን አውጣና ፊደሉን እይ፤ የጭነት መድን እንደ ሽፋኑ ስፋት ‘ኤ’፣ ‘ቢ’ ወይም ‘ሲ’ ይባላል። ‘ሲ’ ከሆነ እኔም አዝንልሃለሁ፤ ‘ሲ’ የሚሸፍነው እሳት፣ መስመጥ፣ ግጭትና የመሳሰሉትን ሲሆን ኮንቴይነር ውስጥ የገባ የባሕር ውሃንም ሆነ ማዕበል ከዴክ ጠርጎ የወሰደውን ዕቃ አይጨምርም። ‘ቢ’ ሁለቱንም ይጨምራል። ‘ኤ’ ሰፊው ነው፤ ሆኖም በማሸጊያ ጉድለትና በመዘግየት የመጣን ኪሳራ አይከፍልም። ብዙ አስመጪ በጥቂት አረቦን ልዩነት ‘ሲ’ን ይመርጣል፤ እኔ ወረቀት የማስመጣ ሰው ብሆን አልመርጥም። በ2024 ብቻ በዓለም ላይ 576 ኮንቴይነር ባሕር ውስጥ መውደቁን የመርከብ ኩባንያዎቹ ምክር ቤት አስታውቋል፤ ከእነሱም 200 ያህሉ በደቡብ አፍሪካ ጫፍ አካባቢ ነው። ከሚጓጓዘው ብዛት አንጻር ኢምንት ነው፤ ያንተ ከሆነ ግን ሙሉው ነው።

ወኪሉ ነገ ደግሞ “ማዕበል ነበር፤ የባሕር አደጋ ነው” ሊልህ ይችላል። ወሩን ጠይቀው። በእኛ ክረምት፣ ከሰኔ እስከ ጳጉሜን፣ በአረብ ባሕር ላይ ያ የደቡብ ምዕራብ ነፋስ በየዓመቱ ይነሳል፤ በሶኮትራ ደሴት አካባቢ ሐምሌ ላይ ባሕሩ መክፋቱን የማያውቅ መርከበኛ የለም። የሚጠበቅ አየር ያልታሰበ አደጋ ነው ማለት ይከብዳል።

ለሚቀጥለው ጊዜ አቅራቢህን አንድ ነገር ለምነው። ከመጫኑ በፊት በጠራራ ፀሐይ አንድ ሰው ባዶው ኮንቴይነር ውስጥ ገብቶ በሩ ይዘጋበት። ጨለማው ውስጥ የብርሃን ጭላንጭል ካየ፣ በዚያ ውሃም ይገባል፤ ኮንቴይነሩ ይቀየር።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ የምጽፈው ከደሴ ነው። ልጄ መርከብ ላይ ከተቀጠረ ገና ጥቂት ወሩ ነው። በስልኩ የላከልኝ ቪዲዮ ላይ ባሕሩ የመርከቡን ፊት ውጦት ሲተፋው አየሁ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ‘በኬፕ በኩል እየዞርን ነው’ አለኝ፤ ስልኩም ጠፋ።

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ ስለ ስልኩ፦ ከባሕር ዳርቻ ሲርቁ ኔትወርክ የለም፤ የመርከቡ ኢንተርኔት ደግሞ በማዕበል ጊዜ ይቆራረጣል። ዝም ማለቱ ክፉ ምልክት አይደለም።

ቪዲዮውን የቀረጸው ከየት ሆኖ እንደሆነ ያስተውሉ። ከመስታወት ጀርባ፣ ከመርከቡ በስተኋላ ካለው ከፍ ያለ ቤት ነው። በባልክ መርከብ የሚተኙበትም የሚበሉበትም እዚያው ነው፤ ውሃው የዋጠው ፊቱ ከእነሱ ከመቶ ሜትር በላይ ይርቃል። እንዲያ ባለ ቀን ደግሞ ወደ ዴክ መውጣት ክልክል ነው። የግድ ካስፈለገ ካፒቴኑ መርከቡን አዙሮ፣ ፍጥነት ቀንሶ፣ ዴኩ ላይ የሕይወት ገመድ ተወጥሮ፣ ከብሪጅ እየታዩ ነው የሚወጡት።

ኬፕ ያለዎት የደቡብ አፍሪካን ጫፍ ነው። የዚያ ባሕር ክፋት ከየት እንደሚመጣ ልንገርዎ፤ ሲያውቁት ፍርሃቱ ልክ ይኖረዋል። በደቡብ አፍሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ አጉልሃስ የሚባል ብርቱ የውሃ ጅረት ወደ ደቡብ ምዕራብ ይወርዳል። ማዕበሉ ደግሞ ከደቡብ ምዕራብ ወደ እሱ ይመጣል። ሁለቱ ፊት ለፊት ሲጋጠሙ ማዕበሉ ያጥርና ይቆማል፤ እንደ ግድግዳ ቀጥ ይላል። የባሰው ባሕሩ በድንገት በሚጠልቅበት ጠርዝ ላይ ነው። ካፒቴኖች ይህን ያውቃሉ፤ ወደ ደቡብ ምዕራብ እየሄዱ ክፉ ነፋስ መምጣቱን ሲሰሙ ጥልቀቱ ከ200 ሜትር ወደሚያንስበት፣ ጅረቱ ወደሚደክምበት ወደ ዳር ይጠጋሉ። በጁላይ 2024 አንድ ግዙፍ የኮንቴይነር መርከብ በዚያ በኩል ሲያልፍ 44 ኮንቴይነር ከዴኩ ወድቆበታል፤ መርከቡ ግን ጉዞውን ቀጥሏል።

ልጅዎ ሲደውል አይቆጡት። አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁልኝ፦ ቪዲዮ ለማንሳት ከበር ውጭ ይወጣል ወይ? የሚወጣ ከሆነ ያን ጊዜ ይቆጡት፤ እኔም አብሬ እቆጣለሁ።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምኖረው። ያገለገለ ጄኔሬተር በእንጨት ጀልባ ዴክ ላይ አስጭኜ በሐምሌ ወደ ጅቡቲ ልልክ ነው። ሸራ ባለብሰው ከማዕበል ይድናል?

መልስ፦ አይድንም፤ ሸራ ለዝናብና ለሚረጭ ውሃ ነው። ማዕበል ሲመታው ወይ ይቀደዳል ወይ ውሃ ይቋጥርና ማሰሪያውን ይጎትታል። በዚያ ላይ መንገዱ በኦማን ዳርቻ ወጥቶ በአረብ ባሕር ያልፋል፤ ሐምሌ ላይ። የድሮ የጀልባ አለቆች በዚያ ወር ጀልባቸውን ወደብ ያስገቡ ነበር። መስከረም እስኪያልፍ ጠብቅ፤ ካልሆነ ኮንቴይነር ውስጥ አስገባው።

መጠበቅ አልችልም ካልክ፦ የጭስ ማውጫውንና የአየር ማስገቢያውን አፍ በብረት ሳህንና በላስቲክ ድፈን፤ ባትሪውን ፍታና ለብቻው ጫነው፤ በአራቱም ማዕዘን ከሻሲው በሰንሰለት ይታሰር፤ ከማንጠልጠያ ጆሮው ብቻ አታስር። ጅቡቲ ሲደርስ ማንም ለሙከራ ብሎ እንዳያስነሳው አደራ በል። መጀመሪያ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ ኤሌክትሪሺያን የሽቦ ጥቅሉን በሜገር (ሽቦው ኤሌክትሪክ ማፍሰሱን በሚያሳይ መለኪያ) ይለካው፤ ዘይቱንም ቀድቶ ይየው፤ ነጣ ብሎ ከወጣ ውሃ ገብቶበታል።